ቦምብ እየወደቀ ሬዲዮው ለምን ይዘፍናል?

ማርች 12 ቀን 2024 የሱዳን ጦር ከካርቱም ወንዝ ማዶ ባለችው ኦምዱርማን ያለውን የአገሪቱን የሬዲዮና የቴሌቪዥን ግቢ ከሚዋጋው ከፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ እጅ መልሶ ወሰደ። (እዚህ የምጠራው ዓመትና ወር ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ግቢው የተያዘው ጦርነቱ በጀመረ ሰሞን፣ በኤፕሪል 2023 ነበር። ወደ አስራ አንድ ወር ማለት ነው። ዜናውን ካነበብኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ሰው ሁሉ ስልክ በኪሱ ይዞ በሚዞርበት ዘመን ለአንድ ያረጀ የሬዲዮ ጣቢያ ይህን ያህል ደም ለምን ይፈሳል?

መልሱ ዜና ብቻ አይመስለኝም። ዜና አሁን በየትም ይመጣል። እዚያ ግቢ ውስጥ ግን ሰማንያ ዓመት ያህል የተጠራቀመ ዘፈን፣ ድራማና ወግ አለ። «ሁና ኦምዱርማን»፣ ይህ ኦምዱርማን ነው የሚለው ድምፅ ለሱዳናውያን የቤት ድምፅ ነው። ግቢው በተያዘባቸው ወራት ብዙ ሱዳናዊ የተጨነቀው ለሕንፃው ሳይሆን ለክሮቹ ነበር። ዘፈኖቹ ተቃጥለው ይሆን? ተዘርፈው ይሆን?

እዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቀው ክርክር ይመጣል። «ሰው እየሞተ ዘፈን ምን ይሉታል?» ይህን ታክሲ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፣ ቤታችን ውስጥ ሰምቼዋለሁ፣ ባለፉት ዓመታት በፌስቡክ ያላነበበው ያለም አይመስለኝም። ጥያቄውን አልንቀውም። እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት አጠገብ ሬዲዮ ከፍ አድርጎ መክፈት ነውር ነው። እናቴ ጎረቤት ሰው ከሞተበት ቀን ጀምሮ ሬዲዮኑን በጨርቅ ትሸፍነው ነበር፤ እኛ ልጆቹ ድራማችን ሲያመልጠን ብናኮርፍም ማንም አይሰማንም። ስለዚህ ጥያቄው ከጥሩ ቦታ ነው የሚመጣው። ግን ጎረቤት ሲሞት አርባ ቀን ነው። ጦርነት ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ አስር ዓመት ሲሆንስ? ያኔ ሬዲዮኑ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀራል?

የኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። በጦርነት ቀን ሬዲዮ ይዝፈን ወይስ ዝም ይበል ብሎ መጨቃጨቅ ብዙ አያራምድም። ይዘፍናል። ሁሌም ዘፍኗል። መጠየቅ ያለብን ዘፈኑ ለሰሚው ጓደኛ ሆኖ ነው የመጣው ወይስ ማጥመጃ ነው የሚለውን ነው። ሁለቱን መለየት ደግሞ ከውጭ እንደሚታየው ቀላል አይደለም፤ አንዳንዴ አንዱ ጣቢያ፣ አንዳንዴም አንዱ ዘፈን ሁለቱንም ነው።

ኦምዱርማን ራሱ ምሳሌ ነው። ጣቢያው የተወለደው በጦርነት፣ ለጦርነት ነው። በ1940 እንግሊዞች ሱዳንን ሲገዙ ጣሊያን ከምሥራቅ አስፈራቸው። የሕዝቡን ጆሮ ፈለጉ። በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል የምትቆይ ስርጭት ጀመሩና በየአደባባዩ ድምፅ ማጉያ ሰቀሉ። ጊዜውን ልብ በሉት። በዚያው ዓመት ከጁላይ ጀምሮ ስደተኛው ንጉሣችን አፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ካርቱም ነበሩ፣ ወንዙን ተሻግሮ ማለት ነው። በጃንዋሪ 20 ቀን 1941 ኦሜድላ ላይ ባንዲራ ሰቅለው እስኪገቡ ድረስ የዘመቻው ወሬ ሁሉ የሚፈላው በዚያች ከተማ ነበር።

ታዲያ የእንግሊዝ ጦርነት ዜና ብቻውን የኦምዱርማንን ሰው አደባባይ ላይ አያቆመውም። ዘፈን ያስፈልጋል። ስለዚህ የአገሩን ዘፋኞች ወደ ስቱዲዮ ጠሩ። አይሻ አል ፈላቲያ በሱዳን ሬዲዮ የዘፈነች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው በእነዚያ የጦርነት ዓመታት ነው። ግንባር ድረስ ሄዳ ለሱዳን ወታደሮች ዘፍናለች። ጦርነቱ አለቀ፣ እንግሊዞች ሄዱ፣ ዘፈኑ ቀረ። ዛሬ እኛ ሰርግ ላይ «ሱዳንኛ ይከፈት» ብለን ትከሻችንን የምናወዛውዝበት፣ ከመሐመድ ወርዲ ጋር አብረን የምናዜመው ሙዚቃ ያደገው በዚያ ጣቢያ በኩል ነው። ለማጥመጃ የተዘረጋው መረብ የአንድ ሕዝብ ሀብት መያዣ ሆነ። ይህን ሳስብ ይገርመኛል።

አሁን እስቲ አንድ የጦርነት ቀን ሬዲዮ ከጠዋት እስከ ማታ ምን ይመስል እንደነበር እንይ። ለዚህ የሚመቸው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለንደን ነው፤ ምክንያቱም ቢቢሲ ሁሉን ነገር ጽፎ የሚያስቀምጥ ቤት ነው።

መጀመሪያ ላይ ፈጽሞ አልተሳካላቸውም። ሴፕቴምበር 1939 ጦርነቱ ሲታወጅ ቴሌቪዥን ተዘጋ፣ የየክልሉ ስርጭት ቀረ፣ ተዋንያንና ሙዚቀኞች ከለንደን ወጥተው ተበተኑ። የቀረው ዜና፣ የመንግሥት ማሳሰቢያና አንድ ኦርጋን ነው። ሳንዲ ማክፈርሰን የሚባለው ሙዚቀኛ በቀን ደጋግሞ፣ ሳምንት ሙሉ፣ ኦርጋን ይጫወታል። ጠላት ለጊዜው አልመጣም። ሰው ግን በማሳሰቢያና በኦርጋን ተሰላቸ፣ ተቆጣ፣ ደብዳቤ ጻፈ። አንዳንዱም መርፌውን አዙሮ የጀርመንን የእንግሊዝኛ ስርጭት ማዳመጥ ጀመረ። ቢቢሲ ያኔ ነው የነቃው። ሰሚህን ካላጫወትከው ሌላ ሰው ያጫውትልሃል። በ1940 መጀመሪያ ለወታደሮች ተብሎ ቀለል ያለ ጣቢያ ተከፈተ፤ ሲቪሉም ወደዚያው ጎረፈ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀን እንዲህ ነው፤ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምላችሁ። ጠዋት 2፡15 የምግብ ፕሮግራም አለ። ስኳር፣ ቅቤ፣ ሥጋ በራሽን ነው፣ ድንቹን እንዲህ አድርጊው፣ ካሮቱን እንዲህ ይባላል። ገርትና ዴዚ የሚባሉ ሁለት ቀልደኛ እህትማማቾች ነበሩ፤ እየተጨቃጨቁ ሲያበስሉ ሰው ሳቁን አይችልም፣ የምግብ ሚኒስቴርም መልእክቱ ይደርስለታል።

ረፋድ 4፡30 ሲሆን ደግሞ ወደ ፋብሪካ። ከጁን 23 ቀን 1940 ጀምሮ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ረፋድና ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ፣ ለሠራተኛ ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ይለቀቃል። ቀን ሙሉ አንድ ብሎን ስታስር የምትውል ሴት እጇ ሳይሆን ልቧ ነው ቀድሞ የሚደክመው። ድካሙ የሚብስበትን ሰዓት መርጠው ነው ሙዚቃውን ያስገቡት። ሕጉ ጥብቅ ነበር። ድምፁ ድንገት ከፍ ዝቅ እንዳይል፤ በማሽኑ ጩኸት ውስጥ እንዲሰማ ዜማው ጎልቶ ይውጣ፤ ከበሮው የተኩስ ድምፅ እንዳይመስል። ጭብጨባ ያለበት አንድ የአሜሪካ ዘፈን ከዚህ ፕሮግራም ታገደ። ለምን ቢባል ሠራተኛው እጁ ስለተያዘ በማጨብጨብ ፈንታ በያዘው መሣሪያ ጠረጴዛውን ይደበድባል፣ ዕቃ ይሰበራል! ይህን ሳነብ በዓይነ ኅሊናዬ አየኋቸው። በየፋብሪካው ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ዜማውን ጠብቆ፣ በመፍቻና በመዶሻ።

ምሳ ሰዓት ሌላ አለ። ከሜይ 1941 ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ዘፋኞችና ቀልደኞች ወደ ፋብሪካ ካንቲን ሄደው በቀጥታ ያጫውታሉ። አስተዋዋቂው የት እንዳሉ አይናገርም፤ «በእንግሊዝ አገር አንድ ካንቲን ውስጥ» ብሎ ያልፋል። ቦታው ከታወቀ ማታውን ቦምብ ይመጣበታል። ሰሚው ግን ያ ሳቅ ከእሱ መሰል ሠራተኛ አፍ እንደወጣ ያውቃል። የማንቸስተሯ ሴት ምናልባት ግላስጎ ይሆናል ብላ ታስባለች፣ የግላስጎው ሰው ምናልባት ማንቸስተር። የፕሮግራሙ ትልቁ ሥራ ይህ ይመስለኛል፦ የማይተያዩ ሰዎች አብረው ምሳ እንዲበሉ ማድረግ።

ሐሙስ ምሽት 2፡30 አገሩ ቀጥ ይላል። ቶሚ ሃንድሌይ የሚባል የሊቨርፑል ቀልደኛ የሚመራው ፕሮግራም ነው። ጣራ ላይ በደረሰበት ጊዜ 16 ሚሊዮን ሰው ያህል ያዳምጠው ነበር ይባላል። ቀልዱ ፈጣን ነው፤ በሚያመልጥህ ላይ ሌላ ይመጣል። ገጸ ባሕርያቱ በር ከፍተው ይገባሉ፣ ሁሌ የሚሏትን አንዲት ቃል ይላሉ፣ ይወጣሉ። የጽዳቷ ሴት አለች፣ ሁሉን ነገር የመጠጥ ግብዣ አድርጎ የሚሰማ ሰካራም ኮሎኔል አለ፣ ስልክ እየደወለ የሚያስፈራራ ፉንፍ የሚባል ጀርመናዊ ሰላይ አለ። ሕፃናት ጠላትን የሚያውቁት በፉንፍ በኩል ሆነ። የሚያስፈራው ነገር የሚሳቅበት ሆነ ማለት ነው። በተጨማሪም የመንግሥት ቢሮክራሲ በግልጽ ይቀለድበታል። ይህን አስምሩበት፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ምሽት 3 ሰዓት፣ እነሱ ዘጠኝ የሚሉት፣ የቢግ ቤን ደወል ይመታና ዜና ይነበባል። አንባቢው ስሙን ይናገራል፤ ድሮ አይናገርም ነበር። ጀርመን ጣቢያውን አስመስሎ እንዳያታልል ሕዝቡ ድምፅና ስም እንዲያገናኝ ተፈለገ። ኦክቶበር 15 ቀን 1940 ብሩስ ቤልፍሬጅ ዜና እያነበበ ሳለ ሕንፃው ውስጥ ወድቃ የነበረች ቦምብ ፈነዳች። ሰሚዎች ደብዘዝ ያለ ድምፅ ሰሙ። እሱ ወረቀቱ ላይ የወረደውን አቧራ አራግፎ ማንበቡን ቀጠለ። እዚያው ሕንፃ ውስጥ ሰባት ባልደረቦቹ ሞተዋል። ያን ዕለት ማታም ከዜናው በኋላ ሬዲዮው ወደ ፕሮግራሙ ተመለሰ።

ድራማውስ? ድራማ ሁለት ዓይነት መንገድ ነበረው። ለአገሬው ሰው ከ1943 ጀምሮ ቅዳሜ ማታ ሙሉ ቴአትር ይቀርብ ነበር፤ መብራት በጠፋባት፣ መስኮቷ በጥቁር ጨርቅ በተሸፈነ ከተማ ቴአትር ቤት መሄድ ሲከብድ ቴአትሩ ወደ ሳሎን መጣ። ለውጭ ደግሞ በ1941 አንድ ተከታታይ ድራማ ወደ ሰሜን አሜሪካ ይለቀቅ ጀመር። ሮቢንሰን የሚባል አንድ ተራ የለንደን ቤተሰብ በቦምብ ሥር እንዴት እንደሚኖር ያሳያል። አሜሪካ ገና ጦርነት ውስጥ አልገባችም። የድራማው ዓላማ አሜሪካዊቷ የቤት እመቤት ሮቢንሰኖችን እንደ ጎረቤቷ እንድታያቸው ነው። ይህ ማጥመጃ ነው፣ በግልጽ። ግን ውሸት አልነበረም፤ እውነትም ለንደን ውስጥ ሰው እንደዚያ ይኖር ነበር። በቢቢሲ ቤት ተከታታይ የቤተሰብ ድራማ የሚባለው ነገር የተጀመረው በዚያ ነው።

እሁድ ደግሞ ቬራ ሊን ነበረች። ከኖቬምበር 1941 ጀምሮ ከዜናው ቀጥላ ለወታደሮች ትዘፍናለች፣ ሚስቶቻቸው የወለዱበት ሆስፒታል ሄዳ «ልጅህ በሰላም ተወልዷል» ትላለች። በረሃ ላይ ያለ ወታደር የልጁን መወለድ በሬዲዮ ሲሰማ አስቡት። የቢቢሲ የበላይ አመራር ግን አልወደደውም። ያ ሁሉ ናፍቆትና እንባ ወታደሩን ያልፈሰፍሰዋል አሉ። በቃለ ጉባኤያቸው የሰፈረው ባጭሩ «ፕሮግራሙ አሳዛኝ ነው፣ ተወዳጅነቱ ግን ታውቋል» የሚል ነው። በ1942 ደግሞ ልስልስ ያሉ የፍቅር ዘፈኖችን የሚያጣራ ደንብ አወጡ። አለቆቹ ተሳስተዋል ባይ ነኝ። ወታደር ናፍቆቱን ከዘፈን አይደለም የሚያመጣው፣ ይዞት ነው የሚሄደው። ዘፈኑ ናፍቆቱን የሚያወራለት ሰው ሆነለት እንጂ።

እኛን የሚነካ አንድ ነገር እዚህ አለ። እሁድ ማታ ከዜናው በፊት ቢቢሲ የተባባሪ አገሮችን ብሔራዊ መዝሙር በየተራ ያሰማ ነበር። የፖላንድ፣ የኖርዌይ፣ የሆላንድ። ከ1940 አጋማሽ ጀምሮ ኢትዮጵያም ከዚያው ጠላት ጋር እየተዋጋች ነበር፤ እንዲያውም ከሁሉም ቀድማ የተወረረችው እሷ ናት። መዝሙሯ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በጋዜጣዋ ጮኸች፣ ጠየቀች፣ ደብዳቤ ጻፈች። ለእሷ ጉዳዩ የሙዚቃ ብቻ አልነበረም። ማን አገር ነው፣ ማን ተባባሪ ነው የሚለውን የሚወስነው ያ የሁለት ደቂቃ ሙዚቃ ነበር። «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» ለንደን ላይ ቢሰማ፣ ኢትዮጵያ ነፃ አገር ናት ማለት ነው። ቢሮ ውስጥ ያሉት ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁ ነበር፣ ለዚህም ነው ያመነቱት። ዛሬም ይህን ሳስብ ይቆጨኛል።

አንዳንድ ቀን ቀልድ ይቆማል። ጁን 6 ቀን 1944 የተባባሪዎቹ ጦር ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ ላይ ሲወርድ የአሜሪካ ሬዲዮዎች ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ዜና ላይ ዋሉ። ማክሰኞ ማታ የአገሩ ትልልቅ የቀልድ ፕሮግራሞች የሚተላለፉበት ሰዓት ነበር። ቀልደኛው ቦብ ሆፕ ያን ማታ ከአንድ የጦር አውሮፕላን ጣቢያ ሆኖ ቀልዱን ትቶ ከልቡ ተናገረ። ሌላው ታዋቂ የቀልድ ፕሮግራም በሙዚቃ ብቻ ተተካ። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በሬዲዮ ጸሎት መሩ። ከሰዓት በኋላ ላይ ግን የዘወትር ተከታታይ ድራማዎቹ፣ በዜና እየተቆራረጡ፣ ቀጥለዋል። የሚገባኝ ይመስለኛል። ልጇ ባሕር ላይ ያለ እናት ቀኑን ሙሉ ዜና ብቻ ብትሰማ ትሰበራለች። ሁልጊዜ የምትሰማው ድራማ በሰዓቱ ሲመጣ ዓለም ገና እንዳልፈረሰ ይነግራታል። ከዚያ ደግሞ ዜናው ያቋርጠዋል።

ከዚያ ቀን ዋዜማ ለንደን ወደ ፈረንሳይ የፈረንሳዊውን ገጣሚ የቬርሌንን የግጥም ስንኝ አሰራጨች። ለተራ ሰሚ ግጥም ነው፤ ለአርበኞቹ «ሐዲዱን አፍርሱ» ማለት ነው። ለፖላንድ አርበኞችም እንዲሁ የአንዳንድ ዜማዎች መሰማት በዚያ ሌሊት መሣሪያ በፓራሹት እንደሚወርድ ምልክት ነበር። ሬዲዮ ላይ ዘፈን መቼም ዘፈን ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ከሁሉም ልቤን የሚነካኝ ግን የሶቪየቷ ሌኒንግራድ ናት። ከሴፕቴምበር 1941 እስከ ጃንዋሪ 1944፣ 872 ቀን በጀርመን ጦር ተከባ ሰው በረሃብ ያለቀባት ከተማ። በየቤቱ በሽቦ የተያያዘ፣ እንደ ሳህን ያለ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። ንግግር በማይኖርበት ሰዓት ሬዲዮው ዝም አይልም። የሙዚቀኞች ሜትሮኖም ይለቀቃል፤ ቀስ ብሎ ጧ፣ ጧ ካለ ደህና ነው፣ ከፈጠነ የአየር ጥቃት መጥቷል። ሰው ጨለማ ውስጥ ተኝቶ ያን ድምፅ ይሰማል። የከተማዋ የልብ ትርታ አሉት። ገጣሚዋ ኦልጋ ቤርጎልትስ በዚያው ድምፅ ማጉያ ግጥም ታነብ ነበር። እሷም ተራበች፣ ባሏም በዚያው ክረምት ሞተ፤ የምታነበውም ለእንደሷ ላለ ሰው ነው። ዳቦ የሌለው ሰው ግጥም ምን ያደርግለታል የሚል ካለ የዚያን ከተማ ሰዎች ማስታወሻ ያንብብ።

የሬዲዮው ኦርኬስትራ መሪ ካርል ኤሊያስበርግ በ1942 ሙዚቀኞቹን ሲሰበስብ ለልምምድ መምጣት የቻሉት 15 ያህል ብቻ ነበሩ። ሌሎቹ ሞተዋል፣ ወይም መነሣት አልቻሉም። የመጀመሪያው ልምምድ ብዙ ሳይቆይ ተቋረጠ፤ መለከት የሚነፋ ሰው ትንፋሽ ያስፈልገዋል። ተጨማሪ ራሽን ተሰጣቸው፣ ሙዚቃ የሚችሉ ወታደሮች ከግንባር ተጠሩ። ኦገስት 9 ቀን 1942 የሾስታኮቪችን ሰባተኛ ሲምፎኒ ተጫወቱ። የሶቪየት መድፎች ቀድመው የጀርመን መድፎችን ዝም አሰኟቸው። ሙዚቃው በሬዲዮና በድምፅ ማጉያ ለከተማው ተሰማ፣ ወደ ጀርመን ምሽግም ተለቀቀ። ፕሮፓጋንዳ ነበር? አዎ፣ መንግሥትም ፈልጎታል። ግን ያን ሰዓት መስኮቷ አጠገብ ቆማ የሰማች የተራበች ሴት «እስካሁን ሰው ነን» ብላ ካሰበች፣ ያን ከእጇ የሚነጥቃት ማንም የለም።

ወደ ማጥመጃው እንምጣ። ጀርመን ከኦክቶበር 1939 ጀምሮ እሁድ ከሰዓት ለወታደሮች የዘፈን ምርጫ ፕሮግራም ነበራት። ወታደር ይመርጣል፣ ቤተሰብ ሰላምታ ይልካል፣ የተወለዱ ሕፃናት ስም ይነበባል። ቬራ ሊን ከምታደርገው ብዙ አይለይም፤ ያውም ሁለት ዓመት ቀድሞ። ልዩነቱ ያለው በዙሪያው ነው። በዚያው አገር የውጭ ሬዲዮ ማዳመጥ ከሴፕቴምበር 1939 ጀምሮ ወንጀል ነበር፣ በኋላም በሞት ያስቀጣ። ሌላ ድምፅ እንዳትሰማ ተከልክለህ የሚዘፈንልህ ዘፈን ምን ያህል ጓደኛ ሊሆን ይችላል? በ1941 ከተያዘችው ቤልግሬድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሊሊ ማርሊን መለቀቅ ስትጀምር ደግሞ ነገሩ ከእጃቸው ወጣ። ከፋኖስ ሥር ስለምትጠብቅ ልጅ የሚናገር የስንብት ዘፈን ነው። የናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስ አልወደደውም። በሰሜን አፍሪካ በረሃ ግን ጀርመኑም እንግሊዙም በዚያ ሰዓት መርፌውን ወደ ቤልግሬድ ያዞር ነበር። ዘፈን አንዳንዴ ከላከው ሰው ያመልጣል።

ያላመለጠበት ቦታ ሩዋንዳ ናት። አርቲኤልኤም የተባለው ጣቢያ በጁላይ 1993 ሲከፈት ወጣቱ በደስታ ነው የተቀበለው። የመንግሥት ሬዲዮ አሰልቺ ነበር። ይሄኛው የዛየርን ጭፈራ ያጫውታል፣ አስተዋዋቂዎቹ እንደ ሰፈር ልጅ ያወራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ሰው ስልክ ደውሎ ይገባል። ጥላቻው በዘፈኖቹ መሃል ቀስ እያለ ገባ። ኤፕሪል 1994 ሲመጣ የሚገደሉ ሰዎች ስምና አድራሻ በዚያው በሚወደድ ድምፅ ተነገረ። ዘፋኙ ሲሞን ቢኪንዲ በ2008 ለሩዋንዳ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት 15 ዓመት ተፈረደበት፤ የተፈረደበት በዘፈኖቹ ሳይሆን መኪና ላይ በድምፅ ማጉያ ሰው እንዲገደል በመናገሩ ነው። ዳኞቹ የሳሉት መስመር ቀጭን ነው፣ ትክክልም ይመስለኛል። በዚያችው አገር ከ2004 ጀምሮ ደግሞ ሙሴኬዌያ የሚባል የሬዲዮ ድራማ በሁለት ኮረብታ ላይ ስለሚኖሩ የተጣሉ መንደሮች እያወራ ሰውን መልሶ ለማነጋገር ሞክሯል። ያው ሬዲዮ፣ ያው ጆሮ።

እንግዲህ ቅድም አስምሩበት ያልኩት ይኸው ነው። ለንደን ላይ በጦርነቱ መሃል በመንግሥት ቢሮ ይቀለድ ነበር፣ ሰሚው «ኦርጋኑ ሰለቸኝ» ብሎ ይጽፍ ነበር፣ አለቆቹ ያልወደዱት ዘፋኝ ሕዝብ ስለወደዳት አየር ላይ ትወጣ ነበር። ሰሚው እምቢ የማለት ዕድል አለው። እኔ ጓደኛን ከማጥመጃ የምለየው በዚህ ነው። መዝናኛው ለጦርነቱ ማገልገሉ አይደለም ቁም ነገሩ፤ ሁሉም በሆነ መንገድ አገልግሏል። ሰሚው መርፌውን ማዞር ይችላል ወይ? በሬዲዮው ላይ መሳቅስ ይችላል?

እኛም ይህን አልፈንበታል። በደርግ ጊዜ ሰሜኑ በጦርነት ሲነድ ሬዲዮው ቀን ቀን የዘመቻ ዜማ ያሰማል፤ በዚያው ሬዲዮ ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን ይተርክ ነበር። ያን ድምፅ የሰሙ ሰዎች ዛሬም በዛብህንና ሰብለን በእሱ ድምፅ ነው የሚያስታውሷቸው። ልጁን ግንባር የላከ አባት ያን ትረካ ቁጭ ብሎ ሲሰማ አገሩን አልረሳም፣ ልጁንም አልረሳም። ለግማሽ ሰዓት ብቻ ሌላ ሰው ስለ እሱ አልወሰነለትም። የዘመቻ ዜማዎቹን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? አንዳንዶቹን እናስታውሳለን፣ ዜማቸው ጥሩ ስለነበር። ትረካውን ግን እስከ ዛሬ ፈልገን እየከፈትን እንሰማዋለን።

ዛሬ ጦርነት ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠፋው ኢንተርኔትና ስልክ ነው። ትግራይ ላይ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ አይተነዋል፣ አማራ ክልል ላይ አይተነዋል፣ ሱዳን ላይ እያየነው ነው። ያኔ ሰው ያስቀመጠውን ሬዲዮ አውጥቶ ባትሪ ይፈልጋል። ቢቢሲ በሜይ 2023 ለሱዳን፣ በኖቬምበር 2023 ደግሞ ለጋዛ የአስቸኳይ ጊዜ የአረብኛ ስርጭት ከፍቷል። ጥሩ አደረገ። ዜና ነው፣ ውኃ የት እንዳለ፣ ራስን እንዴት መጠበቅ እንደሚቻል። ሬዲዮ ዳባንጋም ለዓመታት ከሆላንድ በአጭር ሞገድ ለዳርፉር ሲናገር ቆይቷል። ለእነዚህ ሥራዎች ገንዘብ የሚሰጡ ሰዎች ግን ዘፈንና ድራማን እንደ ቅንጦት ያዩታል። ሕይወት የሚያድነው መረጃ ይቅደም ይላሉ። ይቅደም። ግን ከለንደኑ ኦርጋን አንድ ነገር ተምረን ከሆነ፣ ሰው ማሳሰቢያ ብቻ የሚያወራ ሬዲዮ ለወራት አይሰማም። መርፌውን ያዞራል። ያኔ ማን ቁጭ ብሎ እንደሚጠብቀው ሩዋንዳ አሳይታናለች። በአጭር ሞገድ ከሚሰጠው ከአንዱ ሰዓት ውስጥ አስር ደቂቃ ለአንድ ሱዳናዊ ተረት፣ ለአንድ የአይሻ አል ፈላቲያ ዘፈን ቢሰጥ የሚባክን ነገር የለም። ሚሊዮኖች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፤ ቤቱን ይዞ መሄድ ያልቻለ ሰው ዜማውን ይዞ ሄዷል።

ጦርነቱ ገና አንድ ወር ሳይሞላው፣ በሜይ 2023፣ ሻደን ገርዱድ የተባለች የ37 ዓመት ዘፋኝ ኦምዱርማን ውስጥ በተኩስ ልውውጥ መሃል ተገደለች። ስለ ሰላም ትዘፍን ነበር፣ ተወልዳ ያደገችበትን የደቡብ ኮርዶፋንን ሙዚቃም ታስተዋውቅ ነበር። ቤቷ አል ሃሽማብ ሰፈር ነው። ከሬዲዮና ቴሌቪዥኑ ግቢ አጠገብ።